ታላቁ መንታ

የጋሽ ቢተውን ሞት የነገረኝ የራሱ የጋሽ ቢተው ፊት ነው። ማክሰኞ ጠዋት የማሰልጠኛችን በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ያው ሰፊ ግንባር፣ ያው ወደ ግራ ዘንበል ያለ አፍንጫ፣ ያው ከላይ የሳሳ ከጎን የሸበተ ፀጉር። ጥበቃችን "ጋሽ ቢተው፣ ተሻለህ?" ብሎ ሊያቅፈው ሲጠጋ፣ ሰውየው ትከሻውን ያዝ አድርጎ፣ "ቢተው ትናንት አርፏል፤ እኔ ወንድሙ አድማሱ ነኝ" አለው። ጥበቃው አግዳሚው ላይ ዘጭ አለ፤ ውሃ አመጡለት። እኔም መንታ መሆናቸውን ባላውቅ ኖሮ አጠገቡ እቀመጥ ነበር።

ጋሽ አድማሱ ከመካኒሳ አቦ ድረስ የመጣው መርዶ በስልክ አይነገርም ብሎ ነው። የሟቹን ፊት ይዞ መርዶ መንገር ከስልኩ የባሰ መሆኑን ግን አላሰበም። ከለቅሶዬ በፊት ሳቄ መጣ። ጋሽ ቢተው ይሄን ቢያይ ሳምንት ሙሉ ያወራው ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛችን ከሀይሌ ጋርመንት ትንሽ ገባ ብሎ ነው ያለው። እኔ ክፍል ውስጥ የመንገድ ምልክትና ደንብ አስተምራለሁ፤ ጋሽ ቢተው ደግሞ መኪናው ላይ ያሠለጥን ነበር። ሥራ የጀመርኩ ዕለት "አንቱ" ስለው፣ አንቱ ሲሉት ጡረታ የወጣ እንደሚመስለው ነግሮኝ ከለከለኝ። ስሙ ቢተው ይሁን እንጂ እሱ የተወው ነገር አላየሁም። ሚኒባስ ውስጥ ሹፌሩ ማርሽ ከተሳሳተ ከኋላ ወንበር ሆኖ ያርመዋል። መንገድ ላይ መኪና የሚያቆም ሰው ካየ፣ ማንም ሳይለምነው ቆሞ በእጁ ይመራል። አንድ ጊዜ ቀብር ሄደን፣ አስከሬን የጫነው መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ከለቀስተኛው መሃል ወጥቶ "ና፣ ና፣ መሪ ወደ ቀኝ፣ በቃ" ሲል የሟቹ ቤተሰብ ሳይቀር ለቅሶውን አቁሞ ዞሮ አየው።

ሠልጣኞች ይፈሩታል፤ ግን መርጠው የሚመዘገቡት እሱ ጋ ነው። ማርሽ የሚያንኳኳ ካለ፣ "አታስለቅሰው፣ እሱም እናት አለው" ይላል። ፍሬን ቶሎ ቶሎ ረግጦ ያፈረውን ደግሞ፣ "ፍሬን መያዝ ፍርሃት አይደለም፣ ቤት መግባት መፈለግ ነው" ይለዋል። ሠልጣኙ ቀጥ ብሎ ወደ ግንብ ሲነዳ እንኳ አይጮህም። በሱ በኩል ያለውን ፍሬን ረገጥ አድርጎ፣ "ግንቡን ነገ እንመለስበታለን" ይላል።

እጁን የማራገፍ ልማድ ነበረው። ውሃ የነካው ይመስል ሁለቱንም እጆቹን እያራገፈ ነው የሚያወራው። ይደነዝዘው ነበር። ጥፋቱን በሠልጣኞቹ አሳብቦ፣ ሲደነግጡ መሪ ስነጥቃቸው ነርቤን ጨረሱት ይላል። የሁለቱንም እጆቹን አንጓ ኦፕራሲዮን ሆኖ ተመልሶም ማራገፉን አልተወም። ቀጥሎ ትንፋሹ ማጠር ጀመረ። ወደኔ ክፍል ሲወጣ ደረጃው መሃል ላይ ቆሞ ማስታወቂያ ያነባል፤ ግድግዳው ላይ ግን ምንም የተለጠፈ ነገር የለም። ከዚያ ጫማው ጠበበው። ጫማ ሠሪዎች ዘንድሮ ቁጥር አሳንሰዋል አለ።

አንድ ቀን ለፈተና የምትዘጋጅ ልጅ ይዞ ሜዳው ላይ ነበር። ከመኪናው ሲወርድ ዞረበትና በጉልበቱ ተንበረከከ። ልጅቷ ፈተናውን ከመፍራቷ የተነሳ የሚጸልይላት መስሏት አጠገቡ ተንበርክካ ዓይኗን ጨፈነች። ተራ የሚጠብቁት ሠልጣኞችም የትምህርቱ ክፍል መስሏቸው ከኋላ ተንበረከኩ። እኔ በመስኮት ብቅ ስል ሜዳችን ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። ጋሽ ቢተው ራሱን ሲያውቅ ዙሪያውን አየ፤ አየና "አሜን" ብሎ ተነሳ። ልጅቷ ፈተናውን አለፈች። ከዚያ ወዲህ ቢሯችን እየመጡ የሚጸልየው አሠልጣኝ የቱ ነው የሚሉ ሰዎች ነበሩ።

እኔ ግን በመስኮት ያየሁት ሌላ ነገር ነበር፤ ሲነሳ ከንፈሩ ጠቁሯል። ሚስቱ ቀደም ብላ ያረፈች፣ ልጅ የሌለው፣ ለቡ መብራት ኃይል ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ስለዚህ ሐኪም ቤት እንዲሄድ የምጨቀጭቀው እኔ ሆንኩ። ጭቅጭቄን መቋቋም ሲያቅተው ተነስተን ሄድን።

የልብ ሐኪሟ ዶክተር ህሊና የምትባል ወጣት ነች። ልቡን በአልትራሳውንድ አየች፣ ሌላም ምርመራ አደረገች፤ ቀጥላ እጆቹን አገላብጣ አየችና የኦፕራሲዮኑን ጠባሳ ስታገኝ ብዙ ጠየቀችው። ጋሽ ቢተው ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ ለልቤ ብመጣ እጄን ይዛ ቀረች፣ ቀለበት ልታደርግልኝ ነው እንዴ አለኝ። እሷ ግን አንድ ነገር ጠርጥራ ነበር። የልቡ ግድግዳ ወፍሯል፤ ያወፈረው ግን ጡንቻ አይደለም። ጉበት የሚሠራው አንድ ፕሮቲን አለ አለች፤ ያ ፕሮቲን ቅርፁን ሲስት እየተጣበቀ እንደ ዝቃጭ በልብ ጡንቻ መሃል ይከማቻል። ልብ ይደርቃል፤ ደም ሲመጣለት መላላት ያቅተዋል። የእጅ አንጓ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓመታት ቀድሞ ይታያል። አሚሎይዶሲስ ይሉታል።

ጋሽ ቢተው እስክትጨርስ በትዕግሥት አዳመጠ። "የእጅ ፍሬኑ ሳይለቀቅ የሚነዳ መኪና ነኝ ማለት ነው" አለ። ቀጥሎም ለዝቃጭ ዘይት ይቀየራል፣ ለዚህስ ምን ይደረጋል ብሎ ጠየቃት። ዶክተሯ አልሸሸገችውም። ያንን ፕሮቲን የሚገታው መድኃኒት እኛ አገር አይገኝም፤ ቢገኝም ይበልጥ የሚጠቅመው በጊዜ ለተደረሰበት ሰው ነው። ለሱ ውሃውን የሚያስወጣ ኪኒን አዘዘችለት፣ ጨው ከለከለችው፤ ደሙን ደግሞ ለዘር ምርመራ ወደ ውጭ ላከች።

ውጤቱ ሲመጣ እንደጠረጠረችው በዘር የሚወረስ ሆኖ ተገኘ። አባቱ በምን እንደሞቱ ጠየቀችው። እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው አላት። አጎቱም እንደዚያው። ዘመድ አዝማዱ "የቤታችን እብጠት" ይለው ነበር፤ በበሽታ የቆጠረው ሰው የለም፣ እንደ ርስት ነው የሚያዩት። ቀጥላ ወንድም ወይም እህት እንዳለው ጠየቀችው። ጋሽ ቢተው ጣራውን አየና፣ አንድ አለ፣ መካኒሳ አቦ ነው የሚኖረው አለ።

"ታላቅዎ ነው ታናሽዎ?"

ጋሽ ቢተው ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። "ታናሼ ነው።"

"በስንት ዓመት?"

"በዓመት እንኳ አይደለም። እኔ ወጣሁ፣ እሱ ተከተለ።"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መንታ ናችሁ ማለት ነው፣ ትመሳሰላላችሁ ብላ ስትጠይቀው፣ "እሱ ነው እኔን የሚመስለው" አላት። ያን ያህል ዘመን አብሬው ስሠራ መንታ እንዳለው አላውቅም ነበር። ዶክተሯ ነገሩን ጠበቅ አድርጋ ነገረችው። እንዲህ አንድ ዓይነት መንታ ከሆኑ ያ የዘር ስህተት ወንድሙም ላይ አለ፤ ልቡ ሳይደርቅ ከታየ ብዙ ማድረግ ይቻላል፤ ካልታየ ግን እንደ አባታቸው ነው። ስለዚህ ይምጣ።

ሊመጣ የማይችልበትን ምክንያት መኪናው ውስጥ ነገረኝ። እናታቸው ሁለቱንም ለየብቻ እየጠሩ፣ "ታላቁ አንተ ነህ፤ ለወንድምህ ግን እንዳትነግረው፣ ይከፋዋል" እያሉ ነው ያሳደጓቸው። ሁለቱም ምስጢሩን ጠብቀው፣ አንዱ ላንዱ እያዘነለት አደጉ። ነገሩ የፈነዳው እናትየው ካለፉ በኋላ በጋሽ አድማሱ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ የቤቱ ታላቅ ይመርቅ ሲሉ ሁለቱም ተነሱ። ጋሽ ቢተው ቀድሞ የወጣ ነው ታላቁ አለ። ጋሽ አድማሱ ደግሞ ትልቅ ሰው ከመምጣቱ በፊት መንገድ የሚጠርግ ይላካል አለ። ሽማግሌዎቹ የሙሽራዋን አባት ደግፈው ፈረዱ፤ ጋሽ ቢተው ምሳ ሳይበላ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነጋገሩም።

"አሁን ግን መልሱ ተገኝቷል" አለኝ። በሽታው እኔን ቀድሞ የያዘኝ ታላቅ ስለሆንኩ ነው፣ በቅደም ተከተል ነው የሚሄደው አለ።

በሳምንቱ "ለማጅ" የሚል ምልክት ጣራው ላይ ባለው በማሰልጠኛው መኪና መካኒሳ ሄድን። እኔ ነኝ የነዳሁት፤ መንገዱን ሙሉ ሲያርመኝ ደረሰ። በሩን የከፈተልን ጋሽ አድማሱ ነው፤ ደንግጬ ቁልፉን ጣልኩት። ያልታመመ ጋሽ ቢተው ፊቴ ቆሟል፤ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ትንፋሹ የማይሰማ፣ ከእንቅልፍ የተነሳ። ጋሽ አድማሱ ከምሳ በኋላ የሚተኛ ሰው ነው፤ ይህንንም ወንድሙ አስቀድሞ በንቀት ነግሮኝ ነበር።

ተቀመጥን። ሁለቱም እኔን እያዩ መነጋገር ጀመሩ።

"ታምሜያለሁ በዪው" አለኝ ጋሽ ቢተው።

"እየሰማሁ ነው በዪው" አለኝ ጋሽ አድማሱ።

ከአማርኛ ወደ አማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ መሃላቸው ተቀመጥኩ። ስለ ፕሮቲኑ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ምርመራው ሁሉ ነገርኩት። ሳይታመም ያዝዘኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ ታሞ ሊያዝዘኝ መጣ አለ ጋሽ አድማሱ። እኔን የሚያመኝ ነገር የለም፣ ደሜንም ለማንም አልሰጥም አለ። ለመሄድ ስንነሳ ጋሽ ቢተው መልሶ ተቀመጠ። የሱሪውን አንድ እግር ሰበሰበና በአውራ ጣቱ ቅልጥሙን ጫን አድርጎ ለቀቀ። ያበጠው ሥጋ ላይ የጣቱ ጉድጓድ ቀረ፤ አልሞላም።

ጋሽ አድማሱ ያንን ጉድጓድ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ልጆች ሳሉ አባታቸው ውጭ ፀሐይ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ሲቀመጡ፣ ሁለቱ በተራ አውራ ጣታቸውን እየጫኑ የማን ጉድጓድ ቶሎ ይሞላል እያሉ ይጫወቱ እንደነበር የነገረኝ በኋላ ነው። አባትየው ምን እንደሆነ ሳይነግሯቸው አብረው ይስቁ ነበር። ጋሽ አድማሱ ተነስቶ መጥቶ ወንድሙ እግር ሥር ቁጢጥ አለ። የራሱን አውራ ጣት ከጉድጓዱ አጠገብ ጫን አድርጎ አነሳ። ሁለቱም አጎንብሰው፣ ቀስ እያለ እስኪሞላ ድረስ አዩት።

"ሐኪም ቤት የምንሄደው መቼ ነው?" አለ ጋሽ አድማሱ። በኔ በኩል አልነበረም።

ውጤቱን የሰማነው ሦስታችንም አንድ ክፍል ተቀምጠን ነው። ስህተቱ ጋሽ አድማሱም ላይ አለ፤ ልቡ ግን ንጹሕ ነው፣ ዝቃጭ የሚባል ነገር አልታየበትም። ጋሽ ቢተው "ተመስገን" አለ። ከልቡ ነው ያለው፤ ግን ከተመስገኑ ቀድሞ ሌላ ነገር ፊቱ ላይ ሲያልፍ አይቻለሁ። ትንሽ ቆየና ይግባኝ አለኝ አለ። አንድ ዘር፣ አንድ ማህፀን፣ አንድ ጡት ሆነን እሱ ምን አድርጎ ነው የቀረለት ብሎ ጠየቀ።

ዶክተሯ ጋሽ አድማሱ አቦ ማኅሌት እንደሚቆም ስትሰማ በሱ በኩል ልታስረዳ ሞከረች። "ድጓ ላይ ከፊደሉ በላይ ትንንሽ ምልክቶች አሉ አይደል፣ እዚህ አንሳ፣ እዚህ ጣል የሚሉ? በዘራችንም ላይ እንደዚያ ያሉ ምልክቶች አሉ። ፊደሉን አይለውጡትም፤ የትኛው እንደሚነበብ፣ የትኛው እንደሚታለፍ ግን ይናገራሉ። መንታዎች ሲወለዱ ምልክታቸው ይቀራረባል፤ ኑሯቸው ሲለያይ ምልክቱም ይለያያል።" አንድ ዓይነት ውርስ ይዞ አንዱ በጊዜ ሲታመም ሌላው ሳይታመም የሚቆየው አንዱ ምክንያት ይሄ ሳይሆን አይቀርም ብለው ተመራማሪዎች ይጠረጥራሉ አለች። ግን የትኛው ምልክት እንደሆነና ምን እንደጻፈው ገና አልታወቀም፤ ያለቀ ነገር አድርጋችሁ እንዳትወስዱት ብላ አስጠነቀቀች። ስሙ ኤፒጄኔቲክስ ነው።

"ኤጲስ?" አለ ጋሽ ቢተው። "ኤጲስ ቆጶስ እንደሚባለው?"

ዶክተሯ ሳቀችና፣ እውነትም ሁለቱም "በላይ" ከሚል ከአንድ የግሪክ ቃል የመጡ ናቸው አለች። ይሄን ባትነግረው ይሻል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉ "ኤጲሱ" ሆኖ ቀረ። "ዘሩማ ምእመን ነው፤ የሚያዝዘው ኤጲሱ ነው" እያለ ለሠልጣኞቹ ሁሉ ያስረዳል። አንዳንዶቹ ለፈተና የሚመጣ መስሏቸው እኔን እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር።

ይግባኙን ለማጣራት በየሳምንቱ መካኒሳ መመላለስ ያዘ። ጋሽ አድማሱ ከምሳ በኋላ ይተኛል። ነጭ ሽንኩርት በጥሬው ይበላል። የትም ቢሆን በእግሩ ነው የሚሄደው። ጎረቤቱ ውሻውን ሲለቅበት አጥር ላይ ወጥቶ ይጮህና ወዲያው ይረሳዋል። ጋሽ ቢተው ይህችኛዋ ላይ ብዙ ቆየ። እሱ የሠርጉን ቀን ሽማግሌዎች ስም አንድ በአንድ ያስታውሳል። ቀጥሎ በነበረን ቀጠሮ፣ ያልተውኩት ነገር ሁሉ ይሆን እንዴ ልቤ ላይ የተከማቸው ብሎ ዶክተሯን ጠየቃት።

"ፕሮቲን ነው ጋሽ ቢተው፣ ቂም አይደለም" አለችው።

እሱ ግን ወንድሙን መምሰል ጀመረ። ነጭ ሽንኩርቱን ሲበላ ሠልጣኞች በዝናብ መስኮት ከፍተው ይነዱ ነበር። ከምሳ በኋላ እዚያው መኪናው ውስጥ ይተኛል፤ አንዱ ሠልጣኝ መቀስቀስ ፈርቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ የትምህርት ሰዓቱ አልቆበታል። ዶክተሯ ይሄን ስትሰማ ልታታልለው አልፈለገችም። አሁን የሚያደርገው ነገር እስካሁን የተከማቸውን አያነሳውም፤ ለሱ ጊዜው አልፏል። ይሄንኑ በለሰለሰ አማርኛ ነገረችው።

ስንመለስ እኔ ነኝ የምነዳው። በሦስተኛ ማርሽ አስነሳሁ፤ ምንም አላለኝም። ፍሪሲዮን ላይ እግሬን ጭኜ ሄድኩ፤ ዝም። ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ላፍቶን አልፈን ብዙ ከሄድን በኋላ ነው አፉን የከፈተው።

"አድማሱ እንዳይለወጥ" አለ።

ነገሩ የገባኝ በሳምንቱ ነው። ጋሽ አድማሱ በበኩሉ ደንግጦ ኑሮውን ሊቀይር ተነስቶ ነበር። ነጭ ሽንኩርቱን ሊተው፣ ጠዋት ጠዋት ሊሮጥ፣ የቀን እንቅልፉን ሊያቆም ወስኗል። ጋሽ ቢተው ፊቱ ተቀምጦ ሁሉንም ከለከለው። ያ ምልክት በየትኛው እንደተጻፈ ስለማይታወቅ አንዱንም እንዳትነካ፤ እንደነበርክ ኑር አለው። ያን ሁሉ ዘመን ሲያሽሟጥጥበት የኖረውን ልማድ አሁን እንደ ንብረት ጠባቂ ቆሞ ይጠብቀዋል። ምሳ በልቶ ትንሽ ከቆየ ለምን አልተኛህም ይለዋል። ጎረቤትየው ውሻውን የለቀቀ ቀን ጋሽ አድማሱ ዝም ሲል፣ "ውጣና ጩህ እንጂ" ብሎ ከወንበሩ አስነስቶታል። ዶክተሯ ጨው እንዲቀንስ ስታዝዘው እንኳ ሦስት ጊዜ አስደግሟት ነው የተስማማው።

ደግነቱ የጋሽ አድማሱ ልጅ ተመርምራ ስህተቱን አልወረሰችም። የዚያን ሰሞን ወልዳ ስለነበር ክርስትናው ደርሷል። ጋሽ አድማሱ ወንድሙን ጠርቶ፣ ሳስብበት ቆይቻለሁ፣ በክርስትናው ቀን ሽማግሌዎቹ ፊት ታላቄ አንተ መሆንህን እናገራለሁ፣ ሕፃኑን የምትመርቀው አንተ ነህ አለው። እኔ እዚያው ነበርኩ። ጋሽ ቢተው ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀው ቃል ነው። ደስ ብሎት ይነሳል ስል ቀለሙ ገረጣ።

"እንዳታደርገው" አለ። "ዕድሜህን በሙሉ ታላቅ ነኝ ብለህ ነው የተኛኸው። ዛሬ ታናሽ ነህ ብትባል ልብህ ምን እንደሚል ማን ያውቃል? አድማሱ፣ ታላቅ ሁን።"

ጋሽ አድማሱ መሬት መሬት እያየ እሺ አለ።

በክርስትናው ዕለት የሠርጉ ሽማግሌዎች ሁሉ ነበሩ። የቤቱ ታላቅ ይመርቅ ሲባል ነገሩን የሚያውቅ ሁሉ ጉርሻውን በእጁ ይዞ ቀረ። ጋሽ ቢተው ከዘራውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሳ። ትንፋሹ እስኪመለስለት ቆመና ጮክ ብሎ፣ "ታላቄ አድማሱ ነው፤ እሱ ይመርቅ" አለ። አንዱ ሽማግሌ ዓይኑን ጠረገ። ጋሽ አድማሱ ተነስቶ ሕፃኑን መረቀ። ጋሽ ቢተው አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"ለሕክምና ነው" አለኝ። "ታላቁ እኔ ነኝ።"

ብዙም አልቆየም። ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ጋሽ አድማሱ መጥቶ ከለቡ ወደ መካኒሳ ወሰደው። የመጨረሻ ወራቱን እዚያ ነው ያሳለፈው። ልጠይቀው ስሄድ በረንዳው ላይ ተቀምጦ በአስፋልቱ የሚያልፉትን መኪኖች ማርሽ በድምፅ እየለየ ሲያርም አገኘዋለሁ። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ምሳው ከተነሳ በኋላ ወንድሙን ሂድ ተኛ ብሎ ላከው። ጋሽ አድማሱ ሄዶ ተኛ። ሲነሳ ወንድሙ እዚያው ወንበሩ ላይ አርፏል።

የተቀበረው አቦ ነው። ጋሽ አድማሱ የሕይወት ታሪኩን ራሱ ካላነበብኩ ብሎ ቆመ። "ታላቅ ወንድሜ ቢተው" ብሎ ጀመረ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የተሳሳተ መስሎት ሊያርመው ሲል ዓይኑን አይቶ ተወው። ጋሽ ቢተው ቢሰማ ኤጲሱን ነካህ ብሎ ይቆጣው ነበር።

ከወራት በኋላ የጋሽ አድማሱ የልብ ምርመራ ቀን ደረሰ። ብቻውን እንዳይሄድ ብዬ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። ዶክተሯ ምን አለች ስለው፣ ንጹሕ ነው፣ አልተነካም ብላለች አለኝ። ግን ፊቱ ላይ ደስታ የለም። ሌላ ነገር ተገኝቶበት የደበቀኝ መስሎኝ ደጋግሜ ጠየቅኩት።

"ሌላ ነገር የለም" አለ። "ደህና ነህ ሲሉኝ ሁልጊዜ እሱ አጠገቤ ሆኖ ይናደድ ነበር። ዛሬ ደህና ነህ ተባልኩ፤ የሚቀናብኝ ሰው የለም።"

"እኔ እቀናብሃለሁ ጋሽ አድማሱ" አልኩት።

ዞሮ በዚያ የሁለቱም በሆነ ፊት አየኝ።

"አንቺ አትችይበትም" አለኝ፤ ብሎም ወደ መካኒሳ በእግሩ ጉዞውን ጀመረ።